የጅረት ዳር ሣር፦ ከቆጋ ራስጌ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ መጨረሻ

ሥራው ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቆጋ ወንዝ በምትገባ አንዲት ጅረት ዳር ነው። በበጋ ልጅ ዘሎ ይሻገራታል። ሐምሌ ላይ ግን ቀይ ሆና፣ ዳሯን እየበላች ትወርዳለች። ይዛው የምትሄደው አፈር የእኛው ነው። የአጎቴ የጤፍ ማሳ፣ የጎረቤታችን ዳጉሳ፣ ከእነሱ በላይ ያለው በቆሎ፣ ሁሉም ወደ እሷ ያዘነበሉ ናቸው።

ቆጋ መራዊ አጠገብ ተገድቧል። ግድቡ የተሠራው 7000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ነው። ወንዙ ከዚያ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይሄዳል። ስለዚህ ከአጎቴ ማሳ የሚታጠበው አፈር ወይ ግድቡ ውስጥ ይተኛል፣ ወይ ጣና ይደርሳል። አፈሩ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ከማዳበሪያው ውስጥ ፎስፈረሱ የሚጓዘው በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ነው። ገበሬው ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ የገዛው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ጣና ላይ ለእምቦጭ ቀለብ ይሆናል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ያሰብነው በማሳውና በጅረቷ መካከል የሣር፣ የቁጥቋጦና የዛፍ መቀነት ማብቀል ነው። ደለሉ ውኃው ውስጥ ሳይገባ እዚያው እንዲቀር። አጎቴ ተስማምተዋል። ጎረቤታችን «እስቲ እናያለን» ብለው ለጊዜው አልፈውናል።

ግንቦት አጋማሽ

ዳር ዳሩን ይዘን ከላይ እስከ ታች ወረድን። ሦስት ዓይነት ዳር አየን።

የላይኛው ባህር ዛፍ ነው። ቁመቱ ያማረ፣ ለአጠና የደረሰ። ከሥሩ ያለው መሬት ግን ራቁቱን ነው። ሣር አይበቅልም፤ የሚረግፈውን ቅጠል ደግሞ ለምጣድ ማገዶ ጠርገው ይወስዱታል። እጄን ሰድጄ መሬቱን ነካሁት፤ ጠንካራና ለስላሳ ነው፣ ውኃ ሲወርድበት የሚይዘው አንዳች ነገር የለም። ከሩቅ ለሚያየው ዳሩ አረንጓዴ ነው። ለጎርፍ ግን የተከፈተ በር ነው። ባለቤቱን ቁረጥ ማለት አልችልም። ያ አጠና የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ነው።

መካከለኛው የግጦሽ ቦታ ነው። ሰርዶና ጊቻ አለበት፤ ነገር ግን ከብቱ እስከ ሥሩ ግጦታል። አንድ ቦታ ላይ የከብት መውረጃ አለ፤ ሁሉም ውኃ ሊያጠጣ በዚያ ይወርዳል። መውረጃው ተሸርሽሮ ወገብ ድረስ ገብቷል። ቦረቦር የሚጀምረው እንዲህ ነው።

የታችኛው ገደል ስለሆነ ማንም አልነካውም። እዚያ አሃያው ሥሩን ውኃው ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ዶቅማ አለ፣ አጋም አለ፣ ከላያቸው ሰንበሌጥ። በዚህ በኩል ዳሩ አልተናደም። አጎቴ ልጅ ሳሉ ጅረቷ ሙሉውን እንደዚህ እንደነበረች ነገሩኝ። ከሌላ አገር የሥራ ንድፍ መፈለግ አላስፈለገንም፤ መምህራችን እዚሁ ሁለት መቶ እርምጃ ታች ቆሟል።

ግንቦት ማገባደጃ

ስለ ስፋቱ ብዙ ተከራከርን። መቀነቱ በሰፋ ቁጥር የሚይዘው ደለል ይበዛል፤ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ስፋት ይፈልጋል። ግን መሬቱ የማን ነው? ከአንድ የጎጃም ገበሬ ላይ ከጅረት ዳር አሥር እርምጃ መጠየቅ ከባድ ነው። ያ ቦታ ለም ነው፣ እርጥበት አለው። ስለዚህ መቀነቱ ራሱ የሚሰጠው ነገር ሊኖር ይገባል። መኖ ይስጥ፣ የቤት ክዳን ይስጥ፣ ማገዶ ይስጥ። ካልሰጠ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይታረሳል፤ አራሹም አይፈረድበትም።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። በማሳው ጫፍ ቬቲቨር የሚባለው ሣር በሁለት ጥቅጥቅ ረድፍ። ከእሱ ቀጥሎ ሰፋ ያለ ደሾ። ከዚያ ሰስባኒያ የሚባለው ቁጥቋጦ። ውኃው ጫፍ ላይ አሃያና ዶቅማ። እንደ ተዳፋቱ ከስምንት እስከ አሥር እርምጃ፣ ማሳው በጠበበበት አምስት።

ቬቲቨር ፊት የተደረገው በምክንያት ነው። ግንዱ ግትር ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ አይተኛም። ዘሩ ስለማይበቅል ማሳ ውስጥ ገብቶ አረም አይሆንም። ሥሩ በጥሩ አፈር ሁለትና ሦስት ሜትር ይወርዳል። ካረጀ ደግሞ ከብት አይወደውም፤ ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደሾ መኖ ነው። ከጨንቻ በኩል ተነሥቶ ዛሬ በብዙ የአገራችን ደጋዎች የገባ የአገር ሣር ነው። ሰስባኒያ ውኃ የተኛበትን መሬት ይችላል፣ ቅጠሉም ለበግና ለፍየል ይሆናል። አሃያ በቁራጩ ይጸድቃል፤ ችግኝ ጣቢያ አያስፈልገውም።

ሰኔ፣ የሚካኤል ማግስት

መሬቱ ጠጥቷል። በወንፈል ወጣን። መጀመሪያ በገመድና በውኃ ልክ መስመሩን አወጣን። ይህን ሥራ መቸኮል አይቻልም። ረድፉ ዝቅ ያለበት ቦታ ካለ ጎርፉ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ የቀረው ሣር ደርቆ ይቆማል።

ቬቲቨሩን ከጉቶው ገንጥለን ሁለት ሦስት ግንድ አንድ ላይ አደረግን። ቅጠሉ ስንዝር ያህል ሲቀር ተቆረጠ፣ ሥሩ የጣት ርዝመት ሲቀር። ከዚያ በእበትና በጭቃ በተበጠበጠ ውኃ ነከርነው፤ ሥሩ ቶሎ እንዲይዝ ይረዳል። የአጎቴ ትንሿ ልጅ መለኪያውን በእጇ አደረገች። ከአውራ ጣቷ ጫፍ እስከ ሌባ ጣቷ ጫፍ፣ አንዱን ተክላ እጇን መሬት ላይ ዘርግታ ቀጣዩን ትተክላለች። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሁለተኛው ረድፍ ተክሎች በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ገቡ። ከረድፉ ላይ አንዲት ክፍተት ሲያይ ጓደኛዬ «እዚህ ጥርስ ወልቋል» እያለ ይጠራታል፤ ሮጣ ትሞላዋለች።

የአሃያውን ቁራጭ አውራ ጣት ያህል ከሚወፍረው መርጠን፣ እኩሌታው መሬት እስኪገባ በመዶሻ ቀበርነው። ወደ ታች ያዘነበለውን ዳር ሳይቀር ተከልንበት።

ሐምሌ፣ ከአቦ በኋላ

ትልቁ ዝናብ ከቀትር በኋላ መጣ። ጆንያ ደርበን ወጣን። ማየት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ውኃው ወደ መቀነቱ እንዴት ነው የሚደርሰው?

በሦስት ቦታ ብቻ ደረሰ። በመካከሉ ያለው ሣር የነካው ከሰማይ የወረደው ዝናብ ነው። ጎርፉ ሁሉ ፈሰሱን ተከትሎ መጣ።

ፈሰስ ለማያውቅ፦ ጤፍ ከተዘራ በኋላ ገበሬው በማረሻ በማሳው ላይ ሰያፍ ቦይ ያወጣል። ትርፍ ውኃ እንዲወጣ፣ ዘሩ እንዳይታጠብ፣ ማሳው ላይ ውኃ እንዳይተኛ። ጥበብ ያለበት ሥራ ነው፤ ያለ እሱ በእንዲህ ያለ ዝናብ ጤፍ አይሆንም። ነገር ግን ከማሳው ሁሉ የተሰበሰበው ውኃ በፈሰሱ አፍ በአንድ ጉልበት ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ገና ሥር ያልያዘውን ሣር ገፍቶ ያልፋል። በጎረቤታችን በኩል አንዱ ፈሰስ የቬቲቨሩን ረድፍ ከነአፈሩ ነቅሎ ወደ ጅረቷ ወሰደው።

ሰው ሣሩን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ውኃው ሲያልፍ አፈሩ የሚቀር። ሣሩ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ውኃውን ያዘገየዋል። ውኃ ሲዘገይ የመሸከም አቅሙ በብዙ ይወርዳል፣ የያዘውንም ይጥላል። ይህ የሚሆነው ውኃው በስሱ ተንጣልሎ፣ በብዙ ግንድ መካከል ሲያልፍ ነው። በአንድ ቦይ ተጠራቅሞ ከመጣ አሥር እርምጃ ሣር ቢሆን ሃያ እርምጃ ምንም አያደርገውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ ሥራ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሣሩን መትከሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ውኃው ሣሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ተበታትኖ እንዲመጣ ማድረጉ ነው ሥራው። ያ ደግሞ የሚወሰነው በጅረቱ ዳር ሳይሆን ማሳው ውስጥ፣ በማረሻው ጫፍ ነው።

ሐምሌ፣ ያው ሳምንት

የሃይላንድ ላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። ጎርፉ ሲወርድ አንዱን ከመቀነቱ በላይ፣ አንዱን ከመቀነቱ በታች ሞላሁ። ማታ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ አየኋቸው።

አሸዋው ወዲያው ነው የወረደው። ገና ጠርሙሱን ሳስቀምጥ ከታች ተቀመጠ። ከላዩ ደግሞ ትንንሽ ቀይ ፍርፋሪ። ከዚያ በላይ ያለው ውኃ ግን ጠዋትም ቀይ ነበር። ይህ የሸክላ አፈሩ ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ በረጋ ውኃ ውስጥ እንኳ አሥር ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አሸዋ ይህንኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ጎርፍ በመቀነቱ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሣሩ አሸዋውንና ፍርፋሪውን ያስቀራል፤ የተበተነውን ሸክላ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ውኃው ጥርት ብሎ ይወጣል ብሎ ለገበሬ ቃል መግባት አይገባም።

ደግነቱ የእኛ ቀይ አፈር ሸክላው ተያይዞ ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ፍርፋሪው እንደ አሸዋ ይወርዳል። አፈሩ ደጋግሞ ሲታረስና ሲደቅ ግን ይበተናል። ጤፍ ደግሞ የላመ መሬት ነው የሚፈልገው፤ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ አንዳንዴም በከብት ይረገጣል። የሚዘራውም ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ማሳው ራቁቱን ሆኖ ከባዱን ዝናብ ይቀበላል። የጅረቷ ቅላት ሐምሌ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ነሐሴ፣ ፍልሰታ

ጎረቤታችንን ለማነጋገር ከቅዳሴ መልስ ጠብቀን ሄድን።

«አያ፣ የፈሰሱን አፍ ትንሽ እንዘርጋው፤ ውኃው እንዲበተን» አልኳቸው።

«ውኃው ተመልሶ ጤፌ ላይ ቢተኛብኝስ? ማን ሊከፍለኝ ነው?»

ጥያቄያቸው እውነት ነው። በዚህ አገር በፈሰስ የተነሣ ስንት ጎረቤት ተካሷል። አጎቴ ጣልቃ ገቡ። ፈሰሱ ማሳው ውስጥ አይነካም፤ ከማሳው ወጥቶ መቀነቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው ቦታ ላይ ብቻ እንሥራ አሉ። በዚህ ተስማሙ።

የሠራነው ጥልቀቱ ከጉልበት በታች የሆነ፣ ወደ ጎን የተዘረጋ ጉድጓድ ነው። ፈሰሱ እዚያ ይገባል፣ ውኃው ይሞላል፣ ከዚያ በታችኛው ከንፈር በሙሉ በአንድ ልክ ይፈስሳል። ከንፈሩ እንደ ገበታ ልክ መሆን አለበት። በውኃ ልክ ደጋግመን ለካን፤ ዝቅ ያለውን በሣር ጓል ሞላን። የፈሰሱ አፍ ላይ ድንጋይ ደረደርን፣ ጉልበቱን እንዲሰብር። ጉድጓዱ ራሱም ደለል ይይዛል፤ መጥረግ ይፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በራሱ እየጠራ ይሄዳል። ሰብሉ መሬቱን ይሸፍናል፣ የላላው አፈር ቀድሞ ታጥቦ አልቋል። ስለዚህ የሐምሌን ጠርሙስ ከነሐሴ ጠርሙስ ጋር አስተያይቶ «ሣሩ ሠራ» ማለት ራስን መሸወድ ነው። በአንድ ዝናብ፣ የላይኛውን ከታችኛው ጋር ነው ማስተያየት።

ጳጉሜ

ልጃገረዶቹ እንግጫ ለመንቀል ወደ ረግረጉ ወርደው ነበር። አንዷ በደሾው መካከል ስታልፍ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ራሰ። ደሾው ያን ያህል አድጓል። ቬቲቨሩ ግን ገና ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱን ሥር ሲሰድ ነው የሚያሳልፈው።

ጥቅምት

ደሾውን ለመጀመሪያ ጊዜ አጨድን። ከመሬት አንድ የእጅ ስፋት ያህል ከፍ አድርጎ ነው ማጨድ፤ እስከ መሬት ከታጨደ ውኃውን የሚያዘገይ ነገር አይቀርም። ጎረቤታችን ሸክማቸውን ለበሬዎቻቸው ወስደው በማግስቱ ተመለሱ። «ማጭዱን እኔም ይዤ ልምጣ እንዴ?» አሉ። መጡ።

ኅዳርና ታኅሣሥ

ዋናው ፈተና ዝናብ ሳይሆን ከብት ነው። ሰብል ሲነሣ ከብቱ በሙሉ ይለቀቃል። አገሩ የኖረበት ልማድ ነው፤ በበጋ መኖ የለም፣ ቃርሚያው ለሁሉም ነው። መቀነቱን በእሾህ ማጠር አይበቃም፤ ስምምነት ይፈልጋል። ከዕድር ስብሰባ በኋላ ጉዳዩ ተነሣ። የልማት ሠራተኛዋ የውስጠ ደንብ ነገር አስረዳች። ረጅም ክርክር ሆነ። አንድ ሽማግሌ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ከብቱ በየት ወርዶ ይጠጣ?»

መልሱ መውረጃውን መዝጋት ሳይሆን ማስተካከል ሆነ። አንድ ቦታ ተመረጠ። ጠርዙን አስተኝተን ድንጋይ አነጠፍንበት፤ ከላይ የሚመጣው ውኃ እንዳይወርድበትም በስተጎን አጠርነው። ሌላው ዳር ታጭዶ ለሚወሰድ መኖ ብቻ ሆነ። በሬ የሌላቸው አንዲት እናት የመቀነቱን አንድ ክፍል ጥበቃ ወሰዱ፤ በለውጡ ሣሩ የእሳቸው ነው። ከደንቡ ሁሉ የሠራው ይህ ይመስለኛል። ሣሩ ባለቤት አገኘ።

የካቲት

ደረቅ ነው። ከዶቅማው ችግኝ ብዙው ደርቋል፤ ከአሃያው ብዙው ይዟል። ምስጥ ከሰስባኒያው ጥቂት በልቷል። ውኃ አጠገብ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ለመጪው ሰኔ ዶቅማውን የምንተክለው በአሃያው ጥላ ሥር ነው።

ሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ

አሁን ቬቲቨሩ ተያይዟል። በግንዶቹ መካከል ጣት ማስገባት ያስቸግራል። በጉድጓዱ ከንፈር የሚወጣው ውኃ ወደ ረድፉ ሲደርስ ከኋላው ይተኛል፣ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ በቀስታ ያልፋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ከረድፉ በላይ ደለሉ ተደርድሯል፦ ከሁሉ በላይ ሸካራ አሸዋ፣ ቀጥሎ ቀይ ፍርፋሪ፣ ከቬቲቨሩ ሥር ደግሞ የለሰለሰ ጭቃ፣ የጉንዳን ዱካ የሚታይበት። ምልክት ያደረግንባቸው ካስማዎች በአንዳንድ ቦታ ከግማሽ ስንዝር በላይ ተቀብረዋል። ከመቀነቱ በታች የሞላሁት ጠርሙስ ቀይ ነው፤ ከሥሩ ግን አሸዋ የለም ማለት ይቻላል።

ደለሉ ሲከማች አዲስ ችግር ይመጣል። ክምሩ እንደ ግድብ ሆኖ ውኃውን ወደ ጎን መንዳት ይጀምራል፤ ጎኑ ላይ እንደገና ይሰበሰባል፣ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ ከየትልቁ ዝናብ በኋላ አካፋ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። የተሰበሰበውን አፈር አጎቴ በቅርጫት ወደ ማሳቸው ራስጌ መለሱት። ማዳበሪያው የገባበት አፈር ነው፤ የሚጣል አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። መቀነቱ የመጨረሻ ተከላካይ ነው። አፈሩ መጀመሪያ መያዝ ያለበት በማሳው ላይ ነው። ደምበጫ አጠገብ ባለው በአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ጥናት ሲካሄድ ቆይቷል። እዚያ የተሠራው ፋንያ ጁ፣ ማለትም ከቦዩ የወጣውን አፈር ወደ ላይ በመወርወር የሚሠራው እርከን፣ ደለል እየያዘ፣ በየዓመቱ ከፍ እየተደረገ፣ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ መደብ መደብ ሆኗል። የእኛም ማሳ በላይኛው በኩል እርከን ይፈልጋል። ያለ እሱ መቀነቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ በደለል ይሞላል።

ነሐሴ መግቢያ

ጎረቤታችን ዘንድሮ ፈሰሳቸውን ያወጡት በራሳቸው ነው። ማንም አልጠየቃቸውም። ከአምናው ይልቅ አስተኝተውታል፣ አፉንም ወደ ጉድጓዱ አዙረውታል። ጤፋቸው አልተኛም። አጎቴ አይተው ምንም አላሉም፤ በማግስቱ የራሳቸውን እንደዚያው አደረጉ።

ባህር ዛፍ ያለው ሰውዬ አጠናውን ሲቆርጥ ወደ ውኃው የቀረበውን ረድፍ እንዳያቆጠቁጥ ጉቶውን ሊነቅለው ተስማምቷል። ቦታው ደሾ ይሆናል፤ በአጠናው ፈንታ ሣሩን ይሸጣል። ዋጋው ይቀራረብ እንደሆነ አብረን እናሰላለን።

ከላይ ያለው የበቆሎ ማሳ ባለቤት ደግሞ ለሰኔ የቬቲቨር ግንጣይ ጠይቆናል። ከኋለኛው ረድፍ እንሰጠዋለን፤ የፊቱ መሳሳት የለበትም። ከዚያ በፊት ግን ገመዱንና ውኃ ልኩን ይዘን የእሱን ፈሰሶች እናያለን።